ሁለት ኦፊስ በአንድ ኮምፒውተር፦ የትኛው መንገድ ያዋጣችኋል?

ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ የሒሳብ መምህር ማታ ላይ ወደ ሱቃችን መጡ። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያለች፣ የሚጻፍባት፣ ኮፒ የሚደረግባት፣ ኮምፒውተርም የሚጠገንባት ጠባብ ክፍል ናት። ቲቸር ፍላሻቸውን ሰጡኝና "ጥያቄ 7 ላይ ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ያለውን 3 ወደ 5 ቀይርልኝ፤ ከዚያ 60 ኮፒ" አሉኝ።

የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ፋይሉ ተከፈተ። ክፍልፋዩም ሩቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀመሩ ላይ ዳብል ክሊክ ሳደርግ ግን ወይ ፍንክች። ኢኩዌሽን ኤዲተር እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም የሚል መልእክት ብቻ ብቅ ይላል። ደገምኩት። ያው ነው።

"እኔ ቤት ይሠራል እኮ" አሉ።

"ቤትዎ ያለው ኦፊስ የትኛው ነው፣ ቲቸር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ያ ድሮ የተጫነው፣ ሰማያዊው።"

ሰማያዊው ኦፊስ 2003 ነው። ቀመሮቹን የጻፉት ኢኩዌሽን ኤዲተር 3.0 በሚባል ከድሮ ዎርድ ጋር አብሮ ይመጣ በነበረ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እዚያች ፕሮግራም ላይ የደህንነት ቀዳዳ ተገኘና ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2018 ባወጣው ማሻሻያ ከነአካቴው አነሳት። ስለዚህ እኛ ሱቅ ያለው አዲሱ ዎርድ ቀመሩን እንደ ሥዕል ያሳያል፣ ነካክቶ መቀየር ላይ ግን እጁን ይሰጣል።

ቲቸር ወዲያው መፍትሔ አገኙ። "ታዲያ እዚሁ ላይ 2003ንም ጫነዋ!" አሉኝ። ብዙ ሰው የሚለኝም ይህንኑ ነው። የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው። አሮጌና አዲስ ኦፊስ በአንድ ዊንዶውስ ላይ ማጎር ይቻላል፤ እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ። ከሱ በፊት የሚሞከሩ መንገዶች አሉ፤ የትኛው እንደሚሻላችሁ የሚወስነው ደግሞ ያስቸገራችሁ ፋይል ነው። "አሮጌ ኦፊስ እፈልጋለሁ" ለሚለኝ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ፋይሉን አሳየኝ" ነው።

መጀመሪያ ፎንቱን እዩ

"አዲሱ ዎርድ ፋይሌን አበላሸብኝ" ብለው ከሚመጡት የብዙዎቹ ችግር ከኦፊሱ ቨርዥን ጋር አይገናኝም። ፎንት ነው።

አንዲት እናት የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጥተው ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። የጎረቤት ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተዘባርቆ ወጣ። ልጁም "እትዬ፣ ይሄ የድሮ ኦፊስ ይፈልጋል" ብሎ ላካቸው። ልጁ አልዋሸም፤ ተሳስቶ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚያገኝበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በፈረንጅ 1999፣ በቨርዥን 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች ፊደላችንን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይስሉት ነበር። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛው ምልክት ነው። "ሀ" ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ኦፊስ 2003 ብትጭኑም፣ 97 ብትጭኑም ያው የተዘባረቀ ነገር ነው የምታዩት።

መፍትሔው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉ በደንብ የሚታይበት አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ክፈቱ፣ የግዕዝ ፎንቶቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ አዲሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ጫኑ። ዎርዱን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። የእትዬ ደንብ "አንቀጽ 1፣ ስያሜ" ብሎ ከነመስመሩ ቁጭ አለ። በዚያው ወደ ዩኒኮድ ብታስቀይሩት ደግሞ ትገላገላላችሁ፤ አለዚያ ፋይል ውስጥ ስም መፈለግም ሆነ ኤክሴል ላይ በፊደል ተራ መደርደር አይሆንም።

ፎንቱ ኖሮም ካስቸገረ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ሁለት ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ አንድ ዊንዶውስ

ይቻላል፣ ግን ሕግ አለው።

አሮጌው ሁልጊዜ ቀድሞ ይጫናል፣ አዲሱ ይከተላል። 2007 እና 2013 ከፈለጋችሁ መጀመሪያ 2007። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት አሮጌው የጋራ ፋይሎችን በራሱ ይተካና አዲሱ መንገዳገድ ይጀምራል።

ሁለተኛው ሕግ ሰውን በጣም የሚያስቸግረው ነው። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ኦፊስ አንድ ቤት አያድሩም። ባለ 64 ቢት ኦፊስ የመጣው ከ2010 ጀምሮ ስለሆነ 2003 እና 2007 ባለ 32 ብቻ ናቸው። ከነሱ ጎን የሚቀመጠው አዲስ ኦፊስም ባለ 32 መሆን አለበት። ከ2019 ወዲህ ያለው ኦፊስ ደግሞ እናንተ ካልመረጣችሁ በራሱ ፈቃድ 64ን ይጭናል። ኔክስት ኔክስት እያሉ የሚጭኑ ሰዎች እዚህ ጋ ነው የሚያዙት። "ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ስላለ አልጭንም" የሚል መልእክት ይመጣል፣ እነሱ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛ፣ አዲሶቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ኦፊስ ከውጭ ከሚጻፍበት ዓመት ሌላ የውስጥ ቁጥር አለው። 2003 ቁጥሩ 11፣ 2007 ደግሞ 12 ነው። 13 የለም፤ ዘለዋታል፣ ፈረንጅም የሚፈራው ቁጥር አለው። 2010 ቁጥሩ 14፣ 2013 ደግሞ 15። ከዚያ ወዲህ ያሉት 2016፣ 2019፣ 2021፣ 2024 እና ማይክሮሶፍት 365 ሁሉም 16 ናቸው። ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ "2019 አለኝ፣ 2024ንም ልጨምር" የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም፤ አንዱን መምረጥ አለበት።

የኢሜይል ፕሮግራሙ አውትሉክ ደግሞ ለብቻው ጉደኛ ነው። አሮጌና አዲስ አውትሉክ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ይህን የተማርኩት በሰው ኮምፒውተር ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ኮምፒውተር ላይ 2010 እያለ 2016 ልጨምር ሞከርኩ። ጫኙ "ቆይ፣ ከቀጠልክ የድሮውን አውትሉክ አነሳዋለሁ" የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሳላነብ ቀጥል አልኩት። አነሳው። የኢሜይሎቹ ፋይል አልጠፋም፣ ዲስኩ ላይ ነበር። አዲሱ አውትሉክ ላይ አካውንቱን እንደገና ለማስገባት ግን የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ደግሞ ለቅሶ ሄዶ ዲላ ነው። ስልኩ አይነሳም። እስከ ማግስቱ ከሰዓት ድረስ ደንበኛው አጠገቤ ተቀምጦ እንዴት እንዳየኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

እሺ፣ ሕጉን ሁሉ ጠብቃችሁ ጫናችሁ እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮስ? ፋይል ላይ ዳብል ክሊክ ስታደርጉ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የተጫነው ነው። ኦፕን ዊዝ ብላችሁ ልትመርጡ ብትሞክሩ ሁለቱም ስማቸው ዎርድ ስለሆነ ዊንዶውስ ራሱ ያምታታቸዋል። የሚሠራው ዘዴ የምትፈልጉትን ዎርድ ቀድሞ መክፈትና ፋይሉን ከውስጥ መጥራት ነው። ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ሾርትከት አውጡና አንዱን "አሮጌው" ብላችሁ ሰይሙት።

ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር ደግሞ "ኦፊስን እያዘጋጀሁ ነው" የሚል ሳጥን እየወጣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያስቆማችኋል። ዳታቤዝ የሚሠራበት አክሰስ ላይ ይብሳል። ከ2007 ወዲህ ያሉት ዎርዶች መነሻ ቴምፕሌቱን (አዲስ ገጽ የሚነሳበትን ቅጽ) ይጋሩታል፤ አንዱ ላይ ፎንቱን ከቀየራችሁ ሌላውም ይቀየራል። አንዱን አራግፋችሁ ስትጨርሱ የቀረው ሊያነክስ ስለሚችል ሪፔር ማድረግ አለባችሁ። ላይሰንስም ለየራሱ ነው። አሮጌው ላይ የከፈላችሁት ለአዲሱ አያገለግልም፣ አዲሱም ለአሮጌው። "ክራክ አለ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክራክ ያለበት ፍላሽ ይዘው መጥተው ከነቫይረሱ የሄዱትንም አውቃለሁ።

አሮጌውን ኢንተርኔት በሚገባበት ኮምፒውተር ላይ ማቆየት ሌላ ጣጣ አለው። ማሻሻያ አይደርሰውም። ኦፊስ 2003 የተቋረጠው ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ በእኛ መጋቢት 30 ቀን 2006 ነው። 2007 በኦክቶበር 2017፣ 2010 በኦክቶበር 2020፣ 2013 በኤፕሪል 2023 ተከተሉ። አንድ ደንበኛ "ኦፊስ 2016 እኮ ገና የሁለት ዓመት ነው፣ ዘንድሮ 2018 አይደል?" ብሎኝ ያውቃል። ስቄ ዝም አልኩ፣ ሒሳቡ ልክ ነዋ። ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ነው። 2016 እና 2019 የተቋረጡት ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ዊንዶውስ 10ም በዚያው ዕለት። 2021 ደግሞ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይቆማል።

ታዲያ ይህ መንገድ ለማን ነው? በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ለሚነካ ሰው። ለምሳሌ በ2003 የተሠራ የአክሰስ ዳታቤዝ ላይ ደረሰኝ እያስገባ፣ ከጎኑ በአዲሱ ዎርድ ደብዳቤ ለሚጽፍ። ወይም ባለ 32 ቢት ተጨማሪ ፕሮግራም አሮጌው ኤክሴል ላይ ለተሰካለት። በወር አንዴ አሮጌ ፋይል ለሚከፍት ሰው አይገባም።

ማይክሮሶፍትና ሊብሬ ኦፊስ

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። አንድ ማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ ያላችሁን አዲሱን፣ ከጎኑ ሊብሬ ኦፊስ። ሊብሬ ኦፊስ ከኦፕን ኦፊስ ተገንጥሎ በፈረንጅ 2010 የተወለደ ነው። ነፃ ነው፣ ሲወርድ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ከማይክሮሶፍቱ ጋር ምንም የሚጋራው ፋይል የለም፤ ስለዚህ አይጣሉም። ሲጫን "የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን እኔ ልክፈት?" ብሎ ይጠይቃል። አይ በሉት። የአማርኛ ሜኑም አለው፣ እኔ ግን በአማርኛው ስጠቀም "አርትዕ" የት እንዳለ ስፈልግ ጊዜ ስለሚሄድብኝ ትቼዋለሁ።

ጥቅሙ ማይክሮሶፍት ራሱ የረሳቸውን ነገሮች ማስታወሱ ነው። የቲቸር ዓይነቱን ቀመር ወደ ራሱ የሒሳብ ፕሮግራም ቀይሮ እንዲነካካ ያደርጋል። የማይክሮሶፍት የካርድና የብሮሹር መሥሪያ የሆነውን የፐብሊሸርን ፋይልም ድሮው (Draw) በሚባለው የሥዕል ክፍሉ ይከፍታል። ይህ የሠርግ ጥሪ ካርድ ለሚያትሙ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ማይክሮሶፍት ፐብሊሸርን ከኦክቶበር 2026 በኋላ እንደማይደግፍ አስታውቋል፣ ኦፊስ 2024 ውስጥም የለም። ካርዶቻችሁ በፐብሊሸር ከተሠሩ ከአሁኑ ወደ ፒዲኤፍ መገልበጥ ጀምሩ።

ጉዳቱን አንድ ደብዳቤ ላሳያችሁ። በዎርድ የተጻፈ፣ አንድ ገጽ ልክ የሞላ ደብዳቤ ነው። ከላይ ሎጎ፣ መሃል ጽሑፉ፣ ከታች "ከሰላምታ ጋር"፣ የፊርማ ቦታ፣ ግልባጭ። ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሲከፈት የመስመር ርቀቱ በጥቂቱ ይሰፋል። በጥቂቱ ነው፣ ዓይን አይለየውም። መጨረሻ ላይ ግን "ግልባጭ" የሚለው ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ፊርማውንም ይዞት ይሄዳል። ባዶ ወረቀት ላይ ፊርማና ማህተም ብቻ ያለበት ደብዳቤ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሊብሬ ኦፊስ ለመክፈት፣ ለማዳን፣ ለመቀየር ነው። ማህተም የሚያርፍበትን ነገር በተጻፈበት ፕሮግራም አትሙ።

ደብሊውፒኤስ ኦፊስ የሚወዱ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም መልኩ ቁርጥ ዎርድን ነው፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሮጣል። ነፃው ማስታወቂያ አለው። እኔን የሚያናድደኝ ፋይሎቹን ሁሉ በራሱ ስም ማድረጉ ነው። ሰዎች "ዎርዴ ጠፋ" ብለው ላፕቶፕ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ዎርዱ ቦታው ላይ ነው፣ ደብሊውፒኤስ ፊት ፊት ስለቀደመ ነው።

በብራውዘር የሚሠራው ነፃው ዎርድና ጉግል ዶክስም አሉ። ከሰው ጋር አንድ ፋይል ለመጻፍ ጥሩ ናቸው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን አብረው ይቆራረጣሉ፣ አሮጌ ፋይል ላይም ከአዲሱ ዎርድ የተሻለ ነገር አያደርጉም።

ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር

ያን ማታ ቲቸርን ያዳናቸው ይህ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በመስኮት የሚከፈት ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። የራሱ ዊንዶውስ አለው፣ የራሱ ኦፊስ አለው፣ ውጭ ካለው ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸው ጠቦች አንዳቸውም የሉም። 32 እና 64 አይጣሉም፣ አውትሉክ አይባረርም፣ ሪፔር የለም። እኔ ቨርቹዋል ቦክስ የሚባለውን የኦራክል ፕሮግራም እጠቀማለሁ። በነፃ ይወርዳል። ዊንዶውስ ውስጥ ሃይፐር ቪ የሚባልም አለ፣ ግን ሆም በሚባለው ዊንዶውስ ላይ አይገኝም፤ ሰዉ እጅ ላይ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ አብዛኛው ሆም ነው።

ዋጋው ራም ነው። ኮምፒውተራችሁ 4 ጊጋ ራም ብቻ ካለው አትሞክሩት፣ ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። 8 ካለው ምቹ ነው። ውስጡ ዊንዶውስ ኤክስፒና ኦፊስ 2003 ከሆነ 512 ሜጋባይት ትሰጡታላችሁ፣ ይንፈላሰሳል። ዊንዶውስ 7 ከሆነ እስከ 2 ጊጋ መድቡለት። ሃርድ ዲስክ ላይም ቦታ ይፈልጋል፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ደስ ይላል። ሲነሳ ስህተት ካወጣ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብታችሁ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው መከፈቱን እዩ፤ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ተዘግቶ ይመጣል። ይህን ሳያውቅ ሁለት ሌሊት የታገለ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ውስጥ ያለው ዊንዶውስም እንደማንኛውም የራሱ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። የድሮ ኮምፒውተር ሣጥን አትጣሉ የምለው ለዚህ ነው፤ ሲዲውና ቁጥሩ እዚያ ውስጥ ነው።

የአጫጫኑን ቅደም ተከተል ባጭሩ ልንገራችሁ። ቨርቹዋል ቦክስን ትጭናላችሁ፣ አዲስ ማሽን ትፈጥራላችሁ፣ ዊንዶውሱን ከሲዲው ታስገባላችሁ፣ ቀጥሎ ማሽኑን ከውጭው ጋር የሚያግባባውን ገስት አዲሽንስ የሚባለውን፣ ቀጥሎ አሮጌውን ኦፊስ፣ መጨረሻ የግዕዝ ፎንቶቹን። ከዚያ የጋራ ፎልደር ትከፍታላችሁ። ውጭ ያለው ዊንዶውስም ውስጥ ያለውም ያንን ፎልደር ያዩታል፤ ፋይል የሚተላለፈው በዚያ ነው። ኔትወርኩን ግን አጥፉት። ኤክስፒ የተቋረጠው ከኦፊስ 2003 ጋር በአንድ ቀን ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት በር ከፍቶ መተኛት ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ስናፕሾት የሚለውን ተጫኑ። የዚያን ቅጽበት ሁኔታ ያስቀምጥላችኋል። ነገ ቫይረስ ቢገባ ወይም ዊንዶውሱ ቢበላሽ በአንድ ክሊክ ወደዚያ ትመለሳላችሁ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ውስጥ ያለው ማሽን ከውጭው የባሰ ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ ዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩ ሰዎች ስናፕሾቱን አትርሱት። ማሽኑ ራሱ ዲስክ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ስለሚቀመጥ ማሽኑን አጥፍታችሁ ፎልደሩን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ስትቀይሩም ያንኑ መገልበጥ ነው፣ እንደገና መጫን የለም።

ጽሕፈት ቤት ላላችሁ ሰዎች ከሁሉም ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የሰው ፋይል ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንዱ ከ2003፣ አንዱ ከ365። ለያንዳንዱ ዘመን አንድ መስኮት።

ጠረጴዛ ሥር ያለው ኮምፒውተር

ራም የለንም፣ ባዮስ ምናምን አይገባንም የምትሉ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ይሠራል አይደል? አትሽጡት። የሚሰጧችሁ ገንዘብ ከአሣ ጥብስ አያልፍም፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ አንድ ቀን ብትበሉበት ነው። ኢንተርኔቱን ንቀሉና ጠረጴዛ ሥር አስቀምጡት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በፍላሽ ስትመላለሱ ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አብሮ ይመላለሳል። ለዚህ ሥራ አንድ ፍላሽ ለዩ፣ ለሰው አታውሱት።

አንዴ ቀይሮ መገላገልስ?

አሮጌው ኦፊስ ለአንድ ቀን ብቻ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አክሰስ 97 ላይ የተሠራ ዳታቤዝ ለምሳሌ፣ ከአክሰስ 2013 ጀምሮ ያሉት አይከፍቱትም። በ2007 ወይም በ2010 ከፍታችሁ ወደ አዲሱ ዓይነት ከቀየራችሁት ግን ከዚያ በኋላ የትም ይሄዳል። የድሮ ዎርድ ፋይል ደግሞ ምንም ልዩ ነገር ከሌለበት አዲሱ ዎርድ ራሱ ይከፍተዋል፤ ከላይ "ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ" ብሎ ስለጻፈ አትደንግጡ፣ ተበላሸ ማለት አይደለም።

በተቃራኒው፣ አዲስ ፋይል አሮጌው ላይ ሲከፈት ነው መጠንቀቅ። የድሮው ኤክሴል 65,536 ረድፍ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ከ2007 ጀምሮ ያለው 1,048,576 ይይዛል። ትልቁን ፋይል በድሮው ዓይነት ሴቭ ካደረጋችሁት ከመስመሩ በታች ያለው ይቀራል። ኤክሴል 2021 ላይ ኤክስ ሉክአፕ በሚባለው አዲስ የመፈለጊያ ቀመር የሠራችሁትን የደመወዝ ሠንጠረዥም 2016 ላይ ከፍቶ ለማስላት የሚሞክር ሰው ቁጥሩን ሳይሆን የስህተት ምልክት ነው የሚያገኘው። ቀጣሪያችሁ ምን ቨርዥን እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ወይም በድሮው ቪ ሉክአፕ ሥሩት።

ተማሪ ከሆናችሁና የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ምንም አያስፈልጋችሁም። አንድ ኦፊስ ያዙ፣ ለአማካሪያችሁ በዚያው ላኩ፣ ስታሳትሙ ፒዲኤፍ አምጡ። እባካችሁ ፒዲኤፍ አምጡ።

ወደ ቲቸር ልመለስ። ያን ማታ ቨርቹዋል ማሽኑን ከፈትኩት። ሰማያዊው ዎርድ ብቅ ሲል ፈገግ አሉ። ቀመሩ ላይ ዳብል ክሊክ፣ 3 ጠፋ፣ 5 ገባ፣ ሴቭ። ፋይሉን ከጋራ ፎልደሩ በአዲሱ ዎርድ ከፍቼ 60 ኮፒ አወጣሁ።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ ልኮላቸዋል፣ 365 አለው። እሱ ላይ ያለው ዎርድ የድሮውን ቀመር ዳብል ክሊክ ሲያደርጉት ወደ አዲሱ ዓይነት ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አንዴ ከተቀየረ በኋላ እዚያው ይሠራሉ። ቲቸር ግን ወደኋላ አይመለስም ብዬ ስነግራቸው ተጠራጠሩ። ስለዚህ ዋናውን ሳንነካ ኮፒ እያደረግን በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ እንቀይራለን። ሎጋሪዝምን ጨርሰናል። ትሪጎኖሜትሪው ገና ነው።